ሳይቆረጥ የቀረው መንጋጋ

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት ክፍላችን ባዘጋጀው አነስተኛ ስንብት ላይ፣ ትምህርቷን ገና የጨረሰች አንዲት ወጣት ሐኪም የኬክ ሳህኗን ይዛ ጠጋ አለችኝና፣ «በእርስዎ ዘመን ከሁሉ በላይ የተለወጠው ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «የራጅ ፊልም የምናጥብበት ጨለማ ክፍል ቀረ» አልኳት። ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ክፍል አይታ አታውቅም። ወደ ቤቴ፣ ወደ ቦከንሃይም ሰፈር በሚወስደኝ ባቡር ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን መልሴ አነሰብኝ። ማለት የነበረብኝ፣ «ቀድሞ እንቆርጠው ከነበረው ጥቂቱን ሳንቆርጥ መተውን ተማርን» ነበር። ይህንን የተማርኩት ደግሞ ከአንዲት ሴት መንጋጋ ነው።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አንባቢ አንድ ነገር እንዲያውቅልኝ እሻለሁ። ትውስታዬን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ሌላ ሰው የተናገረውን እኔ እንደተናገርኩት፣ በሰኔ የሆነውን በታኅሣሥ እንደሆነ አድርጌ ስናገር ባለቤቴ ብዙ ጊዜ አርማኛለች። ስለዚህ እርግጠኛ ባልሆንኩበት ቦታ እርግጠኛ አይደለሁም ብዬ እጽፋለሁ። የዚያችን ሴት፣ የሰብለን ጉዳይ በተመለከተ ግን ዋና ዋናው ነገር እንዳልጠፋኝ አምናለሁ። እሷም ይህን ጽሑፍ አንብባ፣ «እዚህ ላይ አጋነዋል» ያለችኝን ሁለት ቦታ አስወጥቻለሁ።

የጥርስ ሕክምና የተማርኩት ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን በምሥራቁ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ በሄሰን ክፍለ ሀገር ሰሜን በምትገኝ አንዲት የገጠር ከተማ ሠራሁ፤ ገበሬዎቹ ፊታቸው አብጦ እንኳን አዝመራው ሳይሰበሰብ ወደ ሐኪም አይመጡም ነበር። ቀጥሎ በፍራንክፈርት ዳርቻ ባለችው በሆኽስት፣ የኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ ጎራ በሚሉበት የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ማዕረጌን ያገኘሁትም በእነዚያ ዓመታት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ጡረታ እስክወጣ ወደሠራሁበት የፍራንክፈርት ሆስፒታል ስዛወር ደመወዙ ከግሉ ክሊኒክ ያነሰ፣ የሚሞላው ቅጽ ደግሞ የበዛ ነበር። ባለቤቴ ለምን እንደተስማማሁ ስትጠይቀኝ፣ «ከዶክተር ብሩክማን ለመማር» አልኳት። «በዚህ ዕድሜህ ተማሪ ልትሆን ነው?» አለችኝ። እንደዚያው ነበር።

የክፍሉ ሹም ዶክተር ብሩክማን ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ግዙፍ፣ እጁ ግን እንደ ሰዓት ሠሪ እጅ የረጋ ሰው ነበር። የጥርስ መስታወቱን ወደ በሽተኛው አፍ ከማስገባቱ በፊት በመዳፉ ጨብጦ ያሞቀዋል። ክፉ ወሬ ሲኖረው ቆሞ አይናገርም፤ ዝቅተኛዋን በርጩማ ስቦ ከበሽተኛው በታች ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ከላይ ወደ ታች የተነገረ ነገር ፍርድ ይመስላል» አለኝ።

ወደ ክፍሉ ለሚመጣ አዲስ ሐኪም ሁሉ፣ ለእኔ ለሽበታሙም ጭምር፣ አንድ ጥሬ እንቁላልና አንድ መሰርሰሪያ ይሰጥ ነበር። ሥራው፣ ጠንካራውን ቅርፊት ቦርቡሮ ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን ሳይቀዱ መግለጥ ነው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያድግ አንድ ዓይነት በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት አለ፤ እኛ ሲስት እንለዋለን። ግድግዳው ልክ እንደዚያ የእንቁላል ሽፋን የሳሳ ነው። ሲወጣ ከተቀደደና የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ከአጥንቱ ላይ ከቀረች፣ ከዚያች ቁራጭ ሌላ ይበቅላል። የመጀመሪያ እንቁላሌ በእጄ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። እቤት ወስጄ መለማመድ ስጀምር ባለቤቴ፣ «ይኸው ሳምንቱን ሙሉ እንቁላል ፍርፍር! የኛ ልጆች ክንፍ ሊያወጡ ነው» ትል ነበር።

ሰብለ ወደ እኛ የመጣችው እኔ እዚያ በጀመርኩ በዓመቱ ገደማ ይመስለኛል። በኖርድኤንድ ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ናት፤ አዛውንቶችን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች። እሑድ እሑድ ደግሞ የእምነት ወገኖቿ በሆኽስት ተከራይተው በሚያመልኩበት አዳራሽ፣ አማርኛ ለማይከተሉ ልጆችና ለጀርመን እንግዶች ስብከቱን ወደ ጀርመንኛ ትተረጉማለች። ግራ መንጋጋዋ አብጦ ነበር። ራጁን ስናየው ከመጨረሻዎቹ ጥርሶች እስከ መንጋጋው ማዕዘን የተዘረጋ ጥላ አገኘን።

ብሩክማን መስታወቱን አሙቆ አፏን ከመረመረ በኋላ ፊቷን ቀና አድርጎ አየና፣ በግራ ዓይኗ ውስጠኛ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ምልክት አመለከተ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

እሷ ሳቀች። «እናቴ ማርያም የሳመችሽ ናት ትላለች። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ግን ከእናቴ ጋር አልከራከርም።»

ይህንን በጀርመንኛ ያስረዳሁት እኔ ልሁን እሷ ራሷ፣ አሁን መለየት አልቻልኩም። ብሩክማንን ግን አስታውሰዋለሁ፤ ነገሩ በጣም ደስ ብሎት ነበር። «ከኛ ቃል ይሻላል» አለ። ጀርመኖቹ እንዲህ ያለውን ነገር የጉበት ነጥብ ነው የሚሉት። ሦስታችንም ስቀን ወደ መንጋጋው ተመለስን። ለአበሻ ዓይን እንዲህ ያለ ምልክት የውበት ነገር ነው እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይደለም፤ ለጀርመን ዓይን ደግሞ ጥቁር ቆዳ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ምንም ነበረች።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የተዋጣለት ነበር። ብሩክማን ከረጢቱን ሙሉውን አውጥቶ በሳህን ላይ ሲዘረጋው ነርሶቹ ሁሉ መጥተው አዩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሰብለ ተመልሳ መጣች። በዚያው በግራ በኩል አዲስ ጥላ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ሌላ ትንሽ። በዚህን ጊዜ ብሩክማን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን፣ የመንጋጋ ሲስትና የቆዳ ካንሰር አብረው የሚመጡበትን ሕመም ጠርጥሮ ነበር። መጽሐፉን አውጥተን አየን። ፎቶዎቹ በሙሉ የነጭ ሰዎች ፊቶች ናቸው፤ ቀላ ቀላ ያሉ ቁስሎች ተበትነውባቸዋል። የሰብለ ፊት የጠራ ነበር። ጥርጣሬውን ተውነው።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሽንፈቶች ሁሉ የሚከብደኝ ነው። የከረጢቱ ግድግዳ ለታችኛው ከንፈር ስሜት በሚሰጠው ነርቭ ላይ ተጣብቆ ነበር። ብሩክማን መሣሪያውን ያዘ፣ እኔ ከንፈሯን ወደ ጎን ሳብኩ፤ ያን ሽፋን ከዚያ ነርቭ ላይ ክር በክር ሲያላቅቅ እስትንፋሱን ሰማሁት። በማግስቱ ጠዋት በርጩማዋን ስቦ ከአልጋዋ ጎን ተቀመጠና በጥጥ ጫፍ ከንፈሯን ነካ። «ይሰማሻል?»

«መቼ ነው የሚነኩኝ?» አለች ሰብለ።

ነክቷት ነበር። እንደገና ነካት። ከዚያ እንዲህ አላት፦ «ነርቩን ጎድቼዋለሁ። ይመለስ ይሆናል፤ ላይመለስም ይችላል። አላውቅም።» ሌላ ምክንያት አልጨመረም።

አልተመለሰም። ሻይ ስትጠጣ በግራ በኩል ይወርድባታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በጣቷ እየዳሰሰች ታረጋግጣለች። ስብከት ስትተረጉም እጇን ከአፏ ጥግ አታነሳም ነበር። አንድ ቀን፣ «ዶክተር፣ ይህ ከንፈር የሰው ከንፈር ሆኖብኛል፤ ተውሼ የለበስኩት ይመስለኛል» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ብሩክማን ጡረታ ወጣ። በቦታው የመጣው ሹም ወጣት፣ ፈጣንና ቀጥተኛ ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም። ሰብለ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ራጁን አይቶ ወዲያው ወሰነ። የግራ መንጋጋዋ ታችኛ ጠርዝ ሳስቶ ሳስቶ የቀረው አንድ ቀጭን መስመር ነው። ጠንካራ ነገር ብትነክስ ይሰበራል። ስለዚህ ከማዕዘኑ እስከ አገጯ ያለው አጥንት ከነጥርሱ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታው ከእግሯ የሚወሰድ ቀጭን አጥንት ይተካል። ቴርሚን፣ ማለትም የቀዶ ጥገና ቀጠሮ፣ ተሰጣት።

ይህንን የነገርኳት እኔ ነኝ። በርጩማዋን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከእግሬ?» አለች። «ዶክተር፣ እኔ እኮ አፌ እሑድ ነው የሚሠራው፤ እግሬ ግን ሰኞም ይሠራል።»

«እግርሽ ይድናል። መራመድ ትችያለሽ።»

«ፊቴስ?»

«ይለወጣል» አልኩ። «ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሜ ልነግርሽ አልችልም።»

የከንፈሯን ጥግ ዳሰሰችና፣ «ልጄ ታውቀኛለች አይደል?» አለች። አነጋገሯ የቀልድ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልቀለደም።

ቀዶ ጥገናው ከፋሲካ በኋላ ነበር የተያዘው። ለበዓሉ ወገኖቿ በአዳራሹ ምሳ አዘጋጅተው ሊጸልዩላት ስለነበር እኔንም ጋበዘችኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚያ አዳራሽ እግሬን አስገብቼ አላውቅም ነበር። በር ላይ የቆሙት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው እጄን ይዘው፣ «ይግቡ ይግቡ፤ አንነክስም» ብለው አስገቡኝ። የሰብለ ልጅ ሊያ፣ ያኔ አሥራዎቹ ውስጥ ያለች፣ ከጎኔ ተቀምጣ በአማርኛ የምጠይቃትን በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። ጸሎቱ ረዥም ነበር። ከዚያ እጅ ተታጠበና ምግቡ ቀረበ።

ሰብለ ከእኔ ፊት ለፊት መጥታ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። «አይሆንም» አልኩ፤ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። ማን ሊሰማኝ።

«አፍዎን ይክፈቱ!» አለች ጮክ ብላ። «ስንት ዓመት እኔን አፍሽን ክፈቺ፣ ሰፋ አድርጊው፣ ትንሽ ታገሺ ሲሉኝ ኖረው! ዛሬ ተራዬ ነው። ሰፋ ያድርጉት!»

ገበታው በሙሉ ሳቀ። ከፈትኩ። ቀኝ እጇ ጉርሻውን ሲያመጣ፣ እንዳይንጠባጠብ ግራ መዳፏን ከአገጬ ሥር ዘርግታ ነበር። ገና መታጠቡ ስለነበር እርጥብ ነው። በዚያ እርጥብ መዳፍ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተበትነው አየሁ። አሥር ይሆናሉ፣ ምናልባትም ከዚያ ይበልጣሉ።

አፌ ስለሞላ መናገር አልቻልኩም። እጇን ያዝኩት።

«ምን ሆኑ? አነቅኩዎት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። እንደምንም ዋጥኩና፣ «ይህ መዳፍሽ ላይ ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«እሱማ የሥራ ነው፤ ጓንትና መድኃኒት የበላው። ሁላችንም እንዲህ ነን» አለች። ከጎኗ ያለችው የሥራ ባልደረባዋ ግን መዳፏን ገልብጣ አየችና፣ «እኔስ የለኝም» አለች።

እነዚያ ጉድጓዶች በመጽሐፉ ውስጥ ነበሩ፤ ከፊት ፎቶዎቹ ቀጥሎ በአንድ መስመር ብቻ ተጽፈው። መዳፍ በውኃ ሲርስ ይበልጥ እንደሚታዩም ይላል። እኛ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያየነው አፏን ነበር።

በዚያው ሳምንት የሆስፒታላችን የቆዳ ሐኪም በማጉያ መብራት መረመረቻት። ከመዳፏ ጀምራ ጀርባዋን አየች፤ በመጨረሻም የዓይኗ ጥግ ላይ ደረሰችና ረዥም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህንን ማንም አላየውም?»

«ሁላችንም አይተነዋል» አልኳት።

ናሙናው የቆዳ ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት። በነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ የሚታየው በእሷ ቆዳ ላይ ጠቁሮ ነበር የወጣው፤ በጠቅላላው ደግሞ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ጥቂት ስለሚሆን ሕመሙ ሳይታወቅ ይቆያል። እናቷ ምልክቱ ከልደት ጀምሮ ነው ትል ነበር፤ ሰብለ ግን የሠርግ ፎቶዋን አውጥታ ስታይ በዚያ ጥግ ላይ ምንም የለም። የዘር ምርመራውም ጥርጣሬያችንን አጸናው። ልጅ የመውረስ ዕድሏ እኩል ለእኩል እንደሆነ ስናስረዳ ሊያ እናቷን፣ «ማማ፣ ሃብ ኢኽ ዳስ አውኽ?» አለቻት፤ እኔም አለብኝ ወይ ማለቷ ነው። ቆይቶ የመጣው ውጤቷ የሌለባት መሆኑን አሳየ። ይህንን አሁኑኑ የምጽፈው አንባቢ ስለ ልጅቷ እንዳይጨነቅ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። በዚህ ሕመም ላይ ሴሎች እንዲባዙ የሚያዘው መልእክት ማጥፊያው ተበላሽቶ ሳያቋርጥ ይተላለፋል። ያንን መልእክት የሚዘጋ፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል በአውሮፓ የተፈቀደው ገና በቅርቡ ነበር። የተፈቀደው ግን ለመንጋጋ አልነበረም፤ በቀዶ ጥገና ለመንቀል ለሚያስቸግር የቆዳ ካንሰር ነው። የሰብለ ዓይን ጥግ ሥር ሰድዶ ወደ ዓይን ቆቧና ወደ እንባ ቱቦዋ ስለተጠጋ ለመድኃኒቱ በቃች፤ የጤና መድኑም ብዙ ሳያስቸግር ተስማማ። እንክብሉን ለቆዳ በወሰዱ ጥቂት ሕሙማን ላይ የመንጋጋ ሲስታቸውም መጠኑ እንደቀነሰ የሚገልጽ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በሰብለ ላይም እንደዚያ ይሆናል ብሎ መማል የሚችል አልነበረም።

አዲሱ ሹም ሲሰማኝ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ነበር። «ለዓይኗ ትውሰድ» አለ። «መንጋጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እየጠበቅን ሳለ ቢሰበርስ?»

«ቢቀንስስ?» አልኩት።

«ቢሰበር የሚጠየቀው ማን ነው?»

«እኔም እርስዎም» አልኩ።

ይህ መልስ አላስቀየመውም። ቴርሚኑን ወደ የካቲት አዛወረልኝ። ከዚያ በፊት ራጅ ይነሳል፤ ለውጥ ከሌለ እንቆርጣለን ብሎ ደመደመ። እስከዚያ ድረስ ሰብለ ለስላሳ ምግብ ብቻ ትበላለች፤ ከበድ ያሉ አዛውንቶችንም ብቻዋን አታነሳም፤ የአንዳቸው ክንድ ፊቷን ቢመታት አጥንቱ ሊሰበር ይችላልና።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ብሩክማንን በኖርድኤንድ ካፌ አግኝቼ ነገርኩት። ስለ ዓይኗ ምልክት ስነግረው ኩባያውን አስቀመጠ። «በጣትህ አመልክተህ የጠየቅከው አንተ ነበርክ» አልኩት። «ጠይቄ መልሱን ወደድኩት» አለኝ። ከዚያ ስለ ወደፊቱ ጠየቅኩት፤ ልጠብቅ ወይስ ልቁረጥ? «ዛሬ ያልቆረጥከውን ነገ መቁረጥ ትችላለህ» አለ። «እኔ ዛሬ የጎዳሁትን ነገ መመለስ አልቻልኩም። ነገር ግን አጥንቱ ከተሰበረ ይህ ምክሬ ምንም አይጠቅማትም፤ እሱንም ንገራት።»

ነገርኳት። እንክብሉ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ጥብቅ የእርግዝና መከላከያ ግዴታ እንደሆነም አስረዳናት። «በዚህ ዕድሜዬ?» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ዶክተር፣ እባክዎ ሊያ እንዳትሰማ! ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ነው የምታደርገኝ።» ፈረመችና ጀመረች።

መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም። ጎንበስ ብላ የአንዲት አሮጊት ካልሲ ስታጠልቅ የባቷን ጡንቻ ቁርጠት ይይዛታል፤ አሮጊቷ እሷን ደግፋ እንዳነሳቻት እየሳቀች ነገረችኝ። ፀጉሯ ሳሳ። ነጠላ መከናነብ ስትጀምር እናቷ ፎቶዋን አይታ ወደ ጥንቱ እምነቷ የተመለሰች መስሏት በደስታ አለቀሰች፤ ሰብለም፣ «ምን ላድርግ፣ አላረምኳትም» አለችኝ። ከሁሉ በላይ ያስመረራት የምግብ ጣዕም መጥፋቱ ነበር። የዓይኗ ጥግ ግን በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ሄደ። ይህንን በዓይናችን አየነው። የመንጋጋው ነገር ግን ከውጭ አይታይም።

ከቴርሚኑ በፊት ራጁ ተነሳ። በስክሪኑ ላይ ከቀድሞው ጎን አድርጌ ሳየው የጥላው ጠርዝ ያነሰ፣ የታችኛው ቀጭን መስመር ወፈር ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። ዓይኔ የሚመኘውን እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ሰው ትውስታውን እንደሚያስተካክል ሁሉ ምስልንም ያስተካክላል። ስለዚህ ከሁለቱ ምስሎች ላይ ስምና ቀን ሸፍኜ ለራጅ ሐኪሟ ሰጠኋትና፣ «የትኛው ይቀድማል?» ብቻ ብዬ ጠየቅኋት። ስለ መድኃኒቱ አልነገርኳትም።

ወንበሯን ወደፊት ሳበች። አንዱን አጎላች፣ ሌላውን አጎላች። «የቀኙ ምስል ይቀድማል» አለች። «ቆይ... ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆነ የቀኙ ከዚያ በፊት ነው፣ የግራው ካገገመች በኋላ። አጥንቱ እየሞላ ነው። ማነው የሠራላት? ጠባሳ እንኳን አላየሁም።»

የቀኙ ከፋሲካው በፊት የተነሳው ነበር፤ የግራው የዚያ ሳምንት። «ማንም አልሠራላትም» አልኳት።

ሹሙ ምስሎቹን ለረዥም ጊዜ አየ። «እኔ ልቆርጠው ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የቀዶ ክፍሉን ቴርሚን ይመልሱ፤ ለሌላ ሰው ይሁን» አለኝ። ስልክ ደውዬ ስመልስ የምታስተባብረው ነርስ፣ «ሰው ቴርሚን ለማግኘት ይለምነኛል፤ መልሶ በመስጠት እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ልጻፍ። እንክብሉን ለዘላለም መውሰድ አይቻልም፤ ሰብለም ጡንቻዋ አላስቀምጣት ሲል አቆመችው። ካቆመች በኋላ በቀኝ በኩል አንድ ትንሽ ጥላ ተመልሶ መጣ፤ በትንሽ ቀዶ ጥገና አወጣነው፤ በማግስቱ ወደ ቤቷ ሄደች። ወደፊትም ሌላ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ሕመሙን ከሥሩ አልነቀለውም፤ አጥንቷ እንዲሞላ ጊዜ ሰጠ እንጂ። የከንፈሯ ስሜት አልተመለሰም። ጣዕሟና ፀጉሯ ተመለሱ። ግራ መንጋጋዋ ከነጥርሱ በቦታው አለ።

ከሁሉም ግን የማልረሳው፣ ቢያንስ በዚህ ትውስታዬን የማምነው፣ ቴርሚኑ ተይዞበት የነበረውን ጠዋት ነው። ቀዶ ክፍሉ ለሌላ በሽተኛ ስለተሰጠ ሥራ ፈትቼ በቢሮዬ መስኮት አጠገብ ቆሜአለሁ፤ ውጭ ቀጭን በረዶ ይጥላል። ስልኬ ጮኸ። ሰብለ ናት። ምን ሆነች ብዬ አነሳሁት።

«ዶክተር፣ ይስሙኝማ!» አለች፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም። «ትናንት ምስር ወጥ ሠርቼ፣ ለኔ ምንም ጣዕም አይሰጠኝ፤ ጨው ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ። ይቺ ልጅ አንድ ጊዜ ጎረሰችና ምን ብትል ጥሩ ነው? የባሕር ውኃ ነው አለችኝ! በጀርመንኛ! ከዚያ በኔ ወጥ ፊት ፒዛ አዘዘች! ይህ መድኃኒት ነው ወይስ ቅጣት? እስከ መቼ ነው እንዲህ የምሆነው? አሁኑኑ ይንገሩኝ!»

ከጀርባዋ ሊያ በጀርመንኛ ስትከራከር ይሰማኛል፤ እናቷም ስልኩን ሳትዘጋ ትመልስላታለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመለሳለች፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ። ሰዓቱን አየሁ። ቴርሚኑ ባይመለስ ኖሮ፣ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ እኛ በላይዋ ተደፍተን፣ የመንጋጋዋን ግማሽ ከፊቷ የምንለይበት ሰዓት ነበር።

«ዶክተር፣ እየሰሙኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው» አልኳት። «ቀጥይ።»

እሷም ቀጠለች።